ነፋስ የጠፋበት ሳምንት

አዳማ ላይ ነፋስ ሲጠፋ ሰው ቶሎ ያውቃል። ከተማችን ነፋሷን እየተራገመች የምትኖር ናት፤ አቧራው ልብስ ላይ፣ ምግብ ላይ፣ ጥርስ መሃል ሁሉ ይገባል። በዚያ በግንቦት ማለቂያ ሰኞ ግን፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሆኜ ተራራው ላይ የተደረደሩትን የነፋስ ማመንጫዎች ስመለከት አንዱም አይዞርም ነበር። ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ ልብስ እያሰጣች፣ "ዛሬስ ተመስገን ነው፣ ልብሴ አፈር አልጠገበም" አለችኝ። ፈገግ አልኩላት። ወደ ውስጥ ገብቼ ግን ላፕቶፔን ከፈትኩ። ነፋስ ከቆመ አምስተኛ ቀኑ ነበር፤ እኔ ደግሞ ነፋስ ሲቆም ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማስላት ዓመታት የፈጀሁ ሰው ነኝ።

ስሌቱን የተማርኩት እዚህ አይደለም። ለሁለተኛ ዲግሪ በአንድ ቀዝቃዛ አገር፣ በባህር ዳርቻ ከተማ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ነገር ሲጠይቁ የኖሩ ናቸው፤ ሙቀት በበረታ ቁጥር ከዳርቻው ባህር ግርጌ ኦክስጅን ለምን ይጠፋል? መልሱ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ገበሬው የበተነው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወጣው ፍሳሽ በወንዝ ታጥቦ ባህር ይገባል። ባህሩ እንደ ማሳ ይለማል፤ የሚበቅልበት ግን እህል ሳይሆን አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር ነው። አልጌው ሲሞት ይሰምጣል፣ ሲበሰብስም ታች ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ላይ ያለው ውሃ በፀሐይ ሞቆ ስለሚቀልል፣ በታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል። ክዳኑን የሚያነሳው ነፋስ ነው። ነፋስ ከሌለ ታች ያለው ፍጥረት ታፍኖ ያልቃል። የሚከብደው መቼና የት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ለዚህም ነው መምህሬ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ዝናቡን፣ ወንዙ ይዞት የሚመጣውን ማዳበሪያ ሁሉ በቁጥር አስገብቶ የሚያሰላ ሞዴል የሠሩት።

አዳማ ስመለስ ያገኘሁት ሥራ ስታትስቲክስ ማስተማር ነበር። ጓደኞቼ "ባህር በሌለበት አገር የባህር ሞዴል ምን ይሠራል?" እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን ቆቃ ነበረኝ።

ያደግኩት ቆቃ ሐይቅ ዳር ነው። አባቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ እህቱ አሳደገችኝ። የአባት እህት በኦሮምኛ "አዳዳ" ትባላለች፤ እኔም ከዚህ በቀር በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። አዳዳ ከሌሎች ሰባት ሴቶች ጋር ተደራጅታ ዓሣ ታሳድጋለች። በርሜል ላይ የሚንሳፈፉ የመረብ ቤቶች ሠርተው፣ ከሐይቁ አንድ ጥግ፣ ጥልቀት በሌለው ወሽመጥ ውስጥ አስረዋቸዋል። በውስጣቸው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለ። ቦታውን የመረጡት ከማዕበል ስለሚከልል ነው። ከማዕበል የሚከልል ቦታ ከነፋስም እንደሚከልል እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው የነገርኳቸው፤ ያን ጊዜ መረቡ ተዘርግቶ፣ የዓሣ ጫጩቶቹ ገብተው ነበር። የመምህሬን ሞዴል ለሐይቁ እንዲሆን አስተካክዬ፣ በወሽመጡ ውስጥ ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ በገመድ እያወረድኩ፣ በትርፍ ሰዓቴ ቁጥር እሰበስብ ነበር።

አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ሞዴሉ አደጋ አለ ሲለኝ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። ሴቶቹም አምነውኝ የሞተር ጀልባ ለምነው መረቦቻቸውን ወደ መሃል ሐይቅ አስጎተቱ። ወሽመጡ ውስጥ ምንም ሳይሆን ቀረ። መሃል ሐይቅ ላይ ግን ማዕበል ተነሳና የአንዷን መረብ ቀደደው፤ ዓሣዋ በሙሉ አመለጠ። እሷ የመንታ ልጆች እናት ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ ነች። ሁሉም "የመንታዎቹ እናት" ነው የሚሏት። ከዚያ ወዲህ ሳገኛት ሰላምታዬን ትመልስልኛለች፤ ዓይኔን ግን አታየኝም።

እንግዲህ ያን ሰኞ ሞዴሉን አስኬድኩት። የአየር ትንበያው ለረቡዕ ማታ ከባድ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። ከሐይቁ በላይ ያሉት የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች በዚያ ሰሞን ማዳበሪያ ጠግበዋል። ስሌቱ ሲያልቅ የወሽመጡ ሥዕል ወጣ፤ ኦክስጅን ያለበት ሰማያዊ፣ የሌለበት ቀይ ነው። ማክሰኞ ቀዩ ከግርጌ አለ። ረቡዕ ወደ ላይ ይወጣል። ሐሙስ ንጋት ላይ ወሽመጡ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ነፋሱን ትንሽ ጨምሬ እንደገና አስኬድኩት። ቀይ ነው። ማዳበሪያውን ቀንሼ ሞከርኩ። ቀይ። የቱን ብነካ የሚለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነበር።

ለመምህሬ ደወልኩላቸው። ሁሉንም አስረዳኋቸውና "እንዴት ልመን?" ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደ ልማዳቸው ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱልኝ።

"ፀሐይ ስትወጣ ዓሦቹ የት ነው የሚቆሙት?"

"አላየሁም።"

"እሱን ሳታዪ ለምን ወደ እኔ ደወልሽ?"

በዚያው ከሰዓት በኋላ ወጣሁ። ሞጆ ላይ መኪና ቀየርኩ፤ ሚኒባሱ ወደ ደረቅ ወደብ በሚገቡ ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች መሃል ተቀርቅሮ ቆመ። ረዳቱ በመስኮቱ ወጥቶ ይጮሃል፣ ተሳፋሪው በሙቀቱ ያማርራል፣ በመንገዱ ዳር ያለው የባሕር ዛፍ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። እኔ እሱን ዛፍ ብቻ ነበር የማየው።

አዳዳ ቤት አደርኩና ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል በጀልባዋ ወደ ወሽመጡ ገባን። አልጌ በጨለማ ኦክስጅን ይጠቀማል እንጂ አይሰጥም፤ ስለዚህ ውሃው በጣም የሚደክመው ሌሊቱ ሲያልቅ ነው። አዳዳ ትቀዝፋለች። ውሃው እንደ ጎመን ወጥ ወፍሮ አረንጓዴ ሆኗል፤ መቅዘፊያው ሲወጣ ቀለሙ ተጣብቆበት ይወጣል። ሽታው የበሰበሰ ሣር ነው። መሣሪያውን አወረድኩት። ከላይ መጠነኛ ኦክስጅን አለ። ሁለት ሜትር ላይ ጥቂት። ሦስት ሜትር ላይ ቁጥሩ ወርዶ ዜሮ አጠገብ ቆመ። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አውጥቼ ጠረግኩት፣ እንደገና አወረድኩት። ያው ነው።

"እያቸው እስቲ" አለች አዳዳ እየሳቀች፤ "ገና ሳይነጋ ምግብ ይለምናሉ።"

ወደ መረቡ አየሁ። ዓሦቹ በሙሉ ውሃው አናት ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከውሃ በላይ አድርገው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ አፎች። ድምፃቸው ይሰማል፣ እንደሚፈላ ሽሮ ይንተከተካል።

"አዳዳ፣ ምግብ አይደለም የሚለምኑት። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው።"

መሳቋን ተወች። መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ለረዥም ጊዜ አየቻቸው።

በዚያው ጠዋት ሴቶቹ ዳር ላይ ተሰበሰቡ። ሐሙስ ሊሆን የሚችለውን ነገርኳቸው። ወደ መሃል ሐይቅ መጎተት አደገኛ እንደሆነ ካለፈው ስለተማርን፣ ያለው መንገድ ዓሣውን ሳያድግ ማውጣት ብቻ ነው አልኩ። ለመውጣት ሁለት ወር ይቀረው ነበር፤ ከመዳፍ አይበልጥም። የመንታዎቹ እናት ተነሳች።

"አምናም እንዲሁ ብለሽን ነበር።"

"ብያለሁ። ተሳስቼ ነበር።"

"ዘንድሮስ አልተሳሳትሽም?"

ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። መምህር ነኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ "አልተሳሳትኩም" ብል ምናልባት ያምኑኝ ነበር። ግን አዲስ መረብ እስክትገዛ ድረስ በሰው ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ የከረመች ሴት ናት ፊቴ የቆመችው።

"እርግጠኛ አይደለሁም" አልኳት።

"እንግዲያው እኔም አላወጣም" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከትለዋት ተበተኑ። የቀረችው አዳዳ ብቻ ናት። ተቀምጣ ጠጠር ወደ ውሃው እየወረወረች ቆየችና፣ "እኔ አወጣለሁ" አለች።

"አዳዳ፣ ከተሳሳትኩስ?"

"አፋቸውን አይቻለሁ፣ ኢንታላ ኮ" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "አንቺን አምኜ አይደለም።"

ረቡዕ ዕለት ከሁለቱ መረቦቿ ዓሣውን አወጣን። ገዢው ዓሣዎቹን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ልጃገረዶች "ለድመት ነው ወይ?" ብለው ቀለዱብን። ረቡዕ ማታ ዝናብ አልመጣም። ሐሙስ ንጋት ላይ የሌሎቹ ሴቶች ዓሦች አፋቸውን እየከፈቱ በሕይወት ነበሩ። ዓርብም እንዲሁ። ዓርብ ጠዋት ሴቶቹ ለመረቦቻቸው ምግብ ሊበትኑ ሲያልፉ አዳዳ ባዶ መረቧን እየጠገነች ነበር፤ አንዷ "አይዞሽ፣ ለከርሞ ታሳድጊያለሽ" አለቻት፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ግን ፊቴ እንደ እሳት ተቃጠለ። አዳዳ ራሷን እንኳን ቀና አላደረገችም። እኔ የፈተና ቀን ስለነበረብኝ ወደ አዳማ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ለራሴ የምነግረው አንድ ነገር ነበር፤ ሥራዬ ስታትስቲክስ ማስተማር ነው፣ ከእንግዲህ አፌን እዘጋለሁ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም በቀላሉ ተናግሬው አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ሞዴሉን ከፈትኩ። ትንበያው ለዚያው ማታ ዝናብ ይላል። አስኬድኩት፤ እሑድ ንጋት ቀይ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሞዴሉ ስለ ውሃው አልተሳሳተም ነበር። የተሳሳተው የዝናቡ ቀን ነው። ክዳኑ ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ፣ ከሥሩ ያለው የታመመ ውሃ እየበዛ ቆይቷል፤ ደመናው ፀሐይን ሲከልልና ቀዝቃዛ ዝናብ ከላይ ሲወርድበት ታችኛው ውሃ ይገለበጣል፣ ወደ ላይ ይመጣል። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሰባቱ ሴቶች ተረዳድተው ቢሠሩ እስኪመሽ የተወሰነውን ያወጡታል።

ስልኬን አነሳሁ። የመንታዎቹን እናት ቁጥር አወጣሁ። ከዚያ ዓይኔን የማታይበት መንገድ ትዝ አለኝ፤ የአዳዳ ባዶ መረብና ያቺ "አይዞሽ" ያለችው ሴት ትዝ አሉኝ። አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ሐሙስ ሁለተኛዬ ሆነ። ሦስተኛ ብሳሳት ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል? ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ አስተኛሁት። የፈተና ወረቀት ማረም ጀመርኩ። ስንት ወረቀት እንዳረምኩ አላውቅም፤ ከሳምንት በኋላ ሁሉንም እንደገና ማየት ነበረብኝ። ማታ ዝናቡ ጣለ።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አዳዳ ደወለች። ሰላምታ የለም።

"ነይ" ብቻ አለችኝ።

ስደርስ ሽታው ከመንገዱ ጀምሮ ተቀበለኝ፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነው። ወሽመጡ አረንጓዴ አልነበረም፤ እንደ ቡና አተላ ሆኗል፣ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ተነጥፎበታል። ስቀርብ ነጩ ነገር ሆዱን ወደ ላይ ያደረገ ዓሣ ሆነ። መረቡ ውስጥ ያሉት ማምለጫ ስላልነበራቸው አንድም አልተረፈም። ከመረቡ ውጭ ያለው የሐይቁ ዓሣም ሞቶ ዳር ላይ ተከምሯል። በሬሳው መሃል የሚንቀሳቀሱት አምባዛዎች ብቻ ነበሩ፤ አምባዛ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል፣ ጢማቸውን እያወጡ አየር ጎርሰው ይመለሳሉ። ሴቶቹ ዳር ላይ ቆመዋል። የሚያለቅስ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ጆንያ የያዙ ሦስት ሰዎች መጡ። ሥራቸው ከጀልባ ዓሣ እየተረከቡ ለመንገድ ዳር ሻጮች ማድረስ ነው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ የአንዱን ዓሣ መተንፈሻ ገለጥ አድርጎ አየ።

"ገና ትኩስ ነው" አለ። "እስከ ቀትር ካደረስነው ይሸጣል። እናንተም ባዶ እጃችሁን አትቀሩም።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዓሣው በኦክስጅን እጦት ብቻ ቢሞት ኖሮ ሌላ ነገር ነው። ግን ያ አረንጓዴ አልጌ አንዳንዴ መርዝ እንዳለው አውቃለሁ፤ በዚያ ጠዋት መርዙ መኖር አለመኖሩን የምለይበት መሣሪያ ደግሞ አልነበረኝም። የመንታዎቹ እናት ወደ እኔ ዞረች። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

"ይበላል?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም አትበይኝ! አንቺ ትበይዋለሽ ወይ?"

"አልበላም" አልኳት።

ወደ ሰዎቹ ዞራ "ልጆቼ የማይበሉትን የሰው ልጅ አላበላም" አለቻቸው። አካፋ ይዛ መጣችና ከዳርቻው ራቅ ብላ መቆፈር ጀመረች። አዳዳ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሌሎቹ። ሰዎቹ ትንሽ ተከራከሩ፣ አንዱም "እብዶች" ብሎ ተሳደበ፤ ስምንት ሴት አካፋ ይዞ ሲያዩ ግን ሄዱ። እኔም አካፋ ተቀብዬ ከመንታዎቹ እናት አጠገብ ቆሜ ቆፈርኩ። መሬቱ በሌሊቱ ዝናብ ረጥቦ ስለነበር አላስቸገረንም።

ጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ትናንት አይተሽው ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም።

"አይቼው ነበር።"

አካፋዋ ቆመ።

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ዘጠኝ ሰዓት።"

"ለምን አልደወልሽም?"

"ፈርቼ።"

"ምንን?"

"አንቺን" አልኳት።

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ግንባሯ ላይ ጭቃ ነበር። ከዚያ መቆፈሯን ቀጠለች። ዓሣውን በጆንያ እየጎተትን ቀበርነው። ማታ አዳዳ ቤት እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ሽታው ግን አልለቀቀኝም። የሆነውን ሁሉ ለአዳዳ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ "ለእኔም አልደወልሽም እኮ" አለች። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያቺ ቃል ናት የጎዳችኝ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ቆቃ አልሄድኩም። ላፕቶፑንም አልከፈትኩም። በሦስተኛው ሳምንት የመንታዎቹ እናት አዳማ መጣች። አድራሻዬን ከአዳዳ ተቀብላ፣ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥታ፣ በሬ ላይ ቆመች። ውሃ ስሰጣት ቆማ ጠጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

"ሴቶቹ እንደገና ሊጀምሩ ነው" አለችኝ። "መረቡን ከወሽመጡ አውጥተን ነፋስ ወደሚያገኘው ቦታ እንወስደዋለን፤ ገመዱን በደንብ እናጠብቃለን። አንቺ በየቀኑ ትደውያለሽ። ብትፈሪም ትደውያለሽ። ብትሳሳቺም ትደውያለሽ። ማውጣት አለማውጣቱ የኛ ፋንታ ነው፣ ያንን አንቺ አትወስኚልንም።"

"እሺ" አልኩ።

"ያንን በገመድ የሚወርደውንም አሳዪኝ።"

መሣሪያውን እንዴት እንደምትጠቀም አሳየኋት። ከኔ ይልቅ ትዕግሥት አላት፤ ቁጥሩ ረግቶ እስኪቆም ትጠብቃለች። አሁን በየጠዋቱ ወደ ውሃው የምትወጣው እሷ ናት። ቁጥሮቿን በስልክ ትነግረኛለች፣ እኔ ሞዴሉ ውስጥ አስገባቸዋለሁ፣ ማታ መልሼ እደውላለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አደጋ አለ ብዬ ምንም ሳይሆን ቀርቷል። አንዴ ደግሞ ተረጋጉ ካልኳቸው በኋላ ጥቂት ዓሣ ሞቶባቸዋል። ይቅርታ ስጠይቅ የመንታዎቹ እናት "የነገውን ንገሪን" ብላ ታቋርጠኛለች። ያ ቅዳሜ በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም። ይቅር ብላኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ስሌቱ ተጠናቆ ሥዕሉ ከመውጣቱ በፊት ያለችው ደቂቃ ዛሬም ትረዝምብኛለች። ትናንት ማዳበሪያ የጫኑ መኪናዎች በሰፈራችን በኩል ወደ ማሳዎቹ ሲያልፉ አየሁ፣ ዝናቡም ዳር ዳር እያለ ነው። ማታ ለመንታዎቹ እናት ደውዬ ቀዩ ከግርጌ መታየት እንደጀመረ ነገርኳት።

"ስንት ሜትር ላይ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ለአዳዳ ጮክ ብላ ስትደግምላት በስልኩ ውስጥ ሰማሁ።